እትዬ ዘርፌ ያስቀመጠችልኝ ቃል

እትዬ ዘርፌ ማረፏን የነገረኝ ባሳ ነው። ባሳ በዴሳ ላይ እህል የሚነግድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ የሚደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ስሙን ስልኬ ላይ ሳይ ገና ሳላነሳው «ማን ይሆን?» እላለሁ። «እትዬ ዘርፌ አረፈች፤ ትናንት ቀበርናት» አለኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ሐዘን አልነበረም። «ቃሌስ?» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ሴትዮዋን ማስተዋወቅ አለብኝ።

እትዬ ዘርፌ ሶዶ ውስጥ፣ ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ፣ አረቄ ትሸጥ ነበር። ቤቷ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበረው፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ዳሞታ ተራራም ነበረው። አረቄዋ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ሳይጠጡት ከሽታው ይታወቃል። ላምባ ላምባ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ ቆሞ የሚከራከር፣ ከወረደ በኋላም ክርክሩን የማይተው ነገር ነበር። ከመቅዳቷ በፊት የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ታቀርባለች። ጎደሬውን ያልበላ መለኪያ አይቀዳለትም።

«በባዶ ሆዱ የሰከረ ሰው የሚያወራው ሆዱ ነው» ትል ነበር። «እኔ ማዳመጥ የምፈልገው ሰውየውን ነው።»

ታዳምጥ ነበር። በሌላ አረቄ ቤት ሰካራም የሚናገረው ከአፉ እንደወጣ ይጠፋል፤ የአረቄ ቤት ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው። በእሷ ቤት አይጠፋም። እዚያ የሰከረ ሰው በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ የተናገረውን መስማት አለበት። «ቃልህን ውሰድ» ትለዋለች ይህንን። ያልመጣ ሰው ሁለተኛ አይቀዳለትም።

ጠዋት ሰውየው ሲመጣ ትናንት የተቀመጠበት ቦታ ታስቀምጠዋለች። ነጠላዋን ታጣፋና በሩ አጠገብ ቆማ ትጀምራለች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተሉ፣ በራሱ አነጋገር፣ «እኔ» ያለውን «እኔ» ብላ። አትስቅም፣ ድምፅ አታስመስልም፣ አትመክርም። ያለቀሰበት ቦታ ላይ ስትደርስ «እዚህ ላይ አለቀሱ» ብላ ታልፋለች። አንድ ነገር ሰባት ጊዜ ብሎ ከሆነ ሰባቱንም ጊዜ ትለዋለች። አንድ ቀን አንድ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሦስተኛው ላይ «ገባኝ፣ እለፊው» አላት። «ሰባት ጊዜ ያሉትን አንድ ጊዜ ብዬ ባልፈው ውሸታም እሆናለሁ» አለችውና ቀጠለች።

ሌላም ልማድ ነበራት። ማታም ሆነ ቀን የሚጠጣውን ሰው ሁሉ «አንተ» ነው የምትለው፤ ሹም ይሁን ሸክም ተሸካሚ። በማግስቱ ጠዋት ግን «እርስዎ» ይሆናል። ቃሉን ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ እንደማታውቀው እንግዳ ታከብረዋለች። ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ «አንተ» ትመለሳለች፤ ጎደሬም ትሰጠዋለች።

ነገሩን የወደዱት ሰዎችም ነበሩ። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስካራቸው ውስጥ ፍልስፍና እንዳለ እርግጠኛ ስለነበሩ በየጠዋቱ ተጣጥበው፣ ኮት ለብሰው ይመጣሉ።

«ትናንትስ ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉ።»

«ምንም?»

«አንኮራፉ።»

እንዲህ ያለ ማስታወስ ከየት እንደመጣላት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ጊዜ ስጠይቃት «እናንተ ትጽፉታላችሁ፣ ከዚያ ትረሱታላችሁ። እኔ የምጥልበት ወረቀት የለኝም» አለችኝ። ይህንኑ ሐሳብ በኋላ በወፍራም መጻሕፍት ውስጥ ከትልልቅ ስሞች ጋር አገኘሁት። ከእሷ ስሰማው ግን ከዳጣ ጋር ነበርና የእሷው ይሻለኛል።

ልማዱን የጀመረችው በባሏ ነው ይባላል። ሰውየው ማታ ጠጥቶ ይሰድባታል፤ ጠዋት «እኔ? አላልኩም» ይላል። እሷ አልተጣላችም፣ ሽማግሌ አልጠራችም። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን አቀረበችለትና ማታ ያለውን ሁሉ በእርጋታ፣ አንድ ቃል ሳትጥል ደገመችለት። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። ሰውየው እስኪሞት ድረስ መጠጣቱን አልተወም፤ ሲጠጣ መናገሩን ግን ተወ። «ደህና ሰው ሆኖ ነው የሞተው» ትላለች። ምጸት ይሁን ምስጋና እስከዛሬ አልለየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ብዙ አልቆይም።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የወጣትነት አረቄውን ሲተርክ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ርካሽ ነገር ጠጣ፣ ጫማው ላይ አስታወከ፣ ማለ፣ ሰው ሆነ። እኔ ይህን ተረክ አላምነውም። ጸጸት ሰነፍ ነው፤ ሩቅ አይሄድም፣ አጠገቡ ያገኘውን ይዞ ይቀመጣል። አረቄ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገብ ነው፣ ይሸታልም። ይህን እንደ ጥቅስ አልጻፍኩትም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አያቴ ከሰሜን የመጡ ሹም ነበሩ፤ ቤታችን ውስጥ ወላይትኛ አይነገርም። እኔን ያሳደገችኝ ሴት ግን ከአረካ ገጠር የመጣች ነበረች፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። አያቴ ሰምተው ስለተቆጡ በእሷ ቋንቋ መናገር አቆምኩ። መስማት ግን አይቆምም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ዳልኬና ባሳ አጠገቤ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን በወላይትኛ ስለ ጆሮዬ ትልቅነት አወሩና ሳቁ። ያን ጊዜ በቋንቋቸው መልስ ብሰጥ ሦስታችንም ስቀን ነገሩ ያልቅ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ። በማግስቱ መናገር ትንሽ ከበደ። ከሳምንት በኋላ የማይቻል ሆነ፤ ሳምንት ሙሉ ያዳመጠ ሰው «እሰማለሁ» ሲል ሰላይ ነበርኩ ማለቱ ነው። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት አለፈ። የልብ ጓደኞች ሆንን። የሚስጥር ነገር ሲኖራቸው ፊቴ ላይ፣ እኔ እንደሌለሁ፣ በወላይትኛ ያወራሉ። እኔም እንደሌለሁ ሆኜ እቀመጣለሁ። በከተማችን የዚህ ዓይነት ብዙ ሰው አለ፤ ሲናገር ግን የሰማሁት የለም።

ከማትሪክ አንድ ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳልኬ ለባሳ በወላይትኛ እንዲህ አለው። «እናቴ ከአልጋ አትነሳም። ካለፍኩ አባቴ በግድ ይልከኛል፤ እሷን የሚያይ የለም። ሁሉንም ቢ ላይ አጠቁራለሁ።»

«አብደሃል?»

«አላበድኩም። ሁሉንም ቢ።»

ባሳ ለመነው። ባሳ ከክፍሉ መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ስለነበር ስለ ፈተና የሚሰጠው ምክር ክብደት አልነበረውም። እኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ሸንኮራ እየላጥኩ ነበር። መላጤን ቀጠልኩ። ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው ዳልኬ ነበር፤ ሁለተኛ እኔ። ይህን የምጽፈው አንባቢ የሚያስበውን እንዲያስብ ነው፤ እኔም አስቤዋለሁ።

የፈተናው መጨረሻ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስታችን እትዬ ዘርፌ ቤት ገባን። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎደሬውን በላን። እትዬ ዘርፌ በየተራ አየችን።

«ነገ ጠዋት ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን» አልን።

«አንተስ?» አለችኝ ለብቻዬ። «አንተ ብዙ ያጠራቀምክ ትመስላለህ።»

«እኔ ምን አለኝ» አልኩ።

አራተኛውን መለኪያ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የቤታችንን ጣሪያ ነው። ጫማዬ ውስጥ አስታውኬያለሁ፤ አባቴ ጫማውን በእንጨት አንስቶ ደጅ አስቀምጦታል፤ እናቴ ተልባ በጥብጣ አጠገቤ ቆማለች። ራሴ ለሁለት የተሰነጠቀ ያህል ነበር። የተናገርኩትን ግን አንድ ቃል እንኳ አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ባሳ መጣ። «እትዬ ዘርፌ ቃሉ እዚህ አለ፣ ይምጣና ይውሰድ ብላሃለች።»

«ዳልኬስ ሄደ?»

«በጠዋት ሄደ።»

«ምን አልኩ?»

«እኔ በሁለተኛው መለኪያ ተኝቻለሁ። እኔ ራሴ የሰማሁት ያንኮራፋሁትን ነው።»

አልሄድኩም። የፈራሁት ነገር ነበር። አያቴ ሲናደዱ ከአፋቸው የምትወጣ፣ ስለ ወላይታ ሰው የምትነገር፣ እዚህ የማልጽፋት አንዲት ስድብ ነበረች። እኔ ተናግሬያት አላውቅም። ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ አረቄ ደግሞ ጆሮ ውስጥ ያለውን በአፍ ያወጣል። ከሦስት ቀን በኋላ ዳልኬን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ደህና ነህ» አለኝ፤ ሳይቆም። ድሮ ቆመን ሰዓት ሙሉ የምናወራ ሰዎች ነን። በቃ፣ ብዬዋለሁ አልኩ። ጓደኛዬን በአያቴ አፍ ሰድቤዋለሁ።

ውጤት ሲመጣ ዳልኬ ወደቀ። እኔ አልፌ ሄድኩ። አረቄ ሁለተኛ አልቀመስኩም፤ ይህንንም እንደ ቁም ነገር በየጊዜው ስተርክና ስጽፍ ኖርኩ።

ከአሥር ዓመት በፊት ሶዶ ደርሼ ወደምኖርበት ሐዋሳ ልመለስ መናኸሪያ ስገባ እትዬ ዘርፌን አየኋት። አረቄውን ትታ በፕላስቲክ ዕቃ ዳጣ ትሸጣለች። አርጅታለች። ሰላም ሳልላት ቀና ብላ አየችኝ።

«እንዴት ነዎት?»

ዙሪያዬን አየሁ፤ አጠገቤ ሌላ ሰው አልነበረም። «እትዬ ዘርፌ፣ በልጅነቴ አንተ ትይኝ የለም እንዴ? ምነው እርስዎ አልሽኝ?»

«ጠዋት ነዋ» አለችኝ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። እኔ ግን ገባኝ። ለእሷ ያ የማግስቱ ጠዋት ገና አላለቀም፤ እኔ ስላልመጣሁ ቆሟል።

«ልንገርዎት?»

ሰዓቴን አየሁ። «መኪናው ሊነሳ ነው።»

«እሺ። ይቆይልዎታል።»

«እንዲያው ብትረሺውስ?»

«ብረሳው ደስ ይልዎታል?»

ሳቅኩ። ዳጣ አስቋጥሬ ወጣሁ። ያ ዳጣ ቤቴ ውስጥ ወር ሙሉ ቆየ፤ በበላሁት ቁጥር የምታቃጥለኝ እሷ ትመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ባሳ ሲደውልልኝ «ቃሌስ?» ያልኩት ለዚህ ነው። ለማንም እንደማትናገር አውቃለሁ፤ የአንዱን ቃል ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። የሶዶን የስንት ዓመት ሚስጥር ይዛ ነው የተቀበረችው፤ የእኔም አብሮ ገባ። እፎይ ማለት ነበረብኝ። በምትኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው መስማት የሚፈራውን ነገር ምንጊዜም መስማት እንደማይችል ሲያውቅ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሶዶ ሄድኩ።

ድንኳኑ ቤቷ ደጅ ላይ ተጥሏል። የከተማው ሽማግሌዎች ግማሹ እዚያ ነበሩ፤ አብዛኞቹ አንድ ቀን ጠዋት እዚያ ቤት ውስጥ በሐፍረት ላብ ያጠመቃቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ንፍሮ ይዞራል። ጥግ ላይ ዳልኬ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ዘግይቶ፣ በሥራ ላይ እያለ ተምሮ፣ አሁን አረካ ውስጥ የእንሰት በሽታ እየተከታተለ ገበሬ የሚያማክር ባለሙያ መሆኑን ከባሳ ሰምቻለሁ። አጠገቡ ክፍት ቦታ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

«መጣህ» አለ።

«መጣሁ።»

«ዘገየህ።»

«ባሳ የደወለልኝ ትናንት ነው።»

«ስለ ቀብሩ አላልኩም።»

ለሃያ ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሲወጣ ግን አጭር ሆነ። «ዳልኬ፣ ያን ቀን ስለሰደብኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ማን ሰደበኝ?»

«እኔ ነኛ። የማትሪክ ቀን። እዚሁ ቤት።»

«አልሰደብከኝም።»

«ታዲያ ምን አልኩህ?»

ከንፍሮው አንድ ሽምብራ መረጠ፤ ጣቶቹ መካከል አንከባለላት። «ኮሌታዬን ያዝክና ለምን ሁሉንም ቢ አጠቆርከው አልከኝ።» ሽምብራዋን ዋጣት። «በወላይትኛ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያወራል፤ አልሰማውም ነበር።

«ጥሩ ወላይትኛ ነበር» አለ ዳልኬ። «የአረካ ነው፤ አክስቶቼ እንደሚያወሩት። ታለቅስ ነበር። እናትህን እኔ እጠብቅልህ ነበር አልከኝ። እኔም ጠጥቻለሁ፤ ያለምኩት መሰለኝ። ጠዋት መጣሁና የራሴን ቃል ሰማሁ። ከዚያ እትዬ ዘርፌ፣ ያ ልጅ በቋንቋችን ተናግሯል ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት አልኳት። የእሱን እሱ ይምጣና ይውሰድ አለችኝ። ለመንኳት። እምቢ አለች። ባሳን ላከችብህ።»

«አልመጣሁም።»

«አልመጣህም። ሁለት ወር ጠበቅኩህ። አለመምጣትህን ሳይ ሕልም እንዳልነበረ ገባኝ።»

«ያን ቀን መንገድ ላይ ብትጠይቀኝ…»

«በየትኛው ቋንቋ?» አለ።

ከንፍሮው እኔም አንድ ሽምብራ አነሳሁ።

«አራት ዓመት ሙሉ መስማትህን ይቅር ባልኩህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስለ ጆሮህ ያልነውንም ስለሰማህ ተካክሰናል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ያች ሳምንት ናት። አውቀህ ሸንኮራ ትልጥ ነበር። አንድ ቃል ብትለኝ ምናልባት ፈተናዬን አልተውም ነበር። ምናልባትም እተው ነበር፤ እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፣ አጠገቧ ነበርኩ፣ በዚህ አልቆጭም። ግን የትኛውን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ያንን ነው የወሰድክብኝ።»

ሕይወቴን ሙሉ የተጸጸትኩት በአራት መለኪያ ነው። በዚያ ሳምንት፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ እንደ ሰው የተናገርኩት እነዚያ አራት መለኪያዎች ውስጥ ብቻ ነበር። ቀሪው ጊዜ ንጹህ ነበርኩ፤ ሸንኮራ እልጥ ነበር። እትዬ ዘርፌ ይህን ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። መናኸሪያው ውስጥ ዳጣ ስታስቋጥርልኝ ታውቀዋለች። አንድ ቃል ብትናገር ሁለታችንንም ትገላግለን ነበር፤ አልተናገረችም። ጨካኝ ነበረች ወይስ በዓለም ላይ የሰውን ቃል የባለቤቱ አድርጋ የጠበቀች ብቸኛ ሰው ነበረች? አላውቅም። ብትኖር ብጠይቃት የምትሰጠኝን መልስ ግን የማውቅ ይመስለኛል፤ ጎደሬ ብላ ትለኝ ነበር።

ከዳልኬ ወዲያ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ሲያዩን ቆይተዋል። ወደ ዳልኬ ጎንበስ አሉና በወላይትኛ «ይህ ሰው ማን ነው? ዘመዷ ነው? ዓይኑ ቀልቷል» አሉት።

«የድሮ ጓደኛዬ ነው» አለ ዳልኬ በዚያው ቋንቋ።

«የምንለውን ይሰማል?»

ዳልኬ ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ድንኳኑን ያቆመውን እንጨት ማየት ጀመረ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሎቹ ዝገዋል፤ የግሱ መጨረሻ ምላሴ ላይ ተጣመመ፤ ላብ አጠመቀኝ። «እሰማለሁ አባባ» አልኳቸው በወላይትኛ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ።»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ወደ ዳልኬ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ጠጥቶ ነው እንዴ?» አሉት።

«የለም አባባ» አለ ዳልኬ። «ለእሱ ገና ጠዋት ነው።»